መጨረሻው ስለታወቀ ብቻ ፊልሙ አይሰለችም

ወንድሜ፣ «መጨረሻውን ካወቅኩት የፖለቲካ አክሽን ፊልም ምኑ ያዝናናል?» ብለሃል። ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። ግን ልክ አይደለም።

በ1973 እ.ኤ.አ. የወጣውን የዳይሬክተር ፍሬድ ዚነማንን «ዘ ዴይ ኦፍ ዘ ጃካል» ተመልከት። ቅጥረኛ ገዳይ የፈረንሳዩን ፕሬዚዳንት ሻርል ደ ጎልን ሊገድል ይነሳል። ደ ጎል ግን በ1970 ቤታቸው ነው ያረፉት፤ ማንም አልገደላቸውም። ተመልካቹ ይህን እያወቀ ነው ሲኒማ የገባው። ታዲያ ልቡ የሚንጠለጠለው ለምንድን ነው?

ጥያቄው «ይሞታሉ ወይ?» ሳይሆን «ይሄ ሰውዬ በምን ይያዛል?» ስለሆነ ነው። ሐሰተኛ ፓስፖርት ሲያወጣ፣ ጠመንጃ ሲያሠራ፣ ጫካ ገብቶ ሐብሐብ ሰቅሎ ሲያነጣጥር ሁሉንም በእርጋታ እናያለን። የሐብሐቡን ቦታ እኔ ስንቴ ደጋግሜ እንዳየሁት! በሌላ በኩል መርማሪው ሌቤል በስልክና በወረቀት ይከተለዋል። ሁለቱ በተቀራረቡ ቁጥር ጭንቀቱ ይብሳል። ተኩሱማ ትንሽ ነው።

የፊልም ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክም ይህን በቦምብ ምሳሌ አስረድቶታል። ጠረጴዛ ሥር ያለው ቦምብ ድንገት ቢፈነዳ ድንጋጤው የሰከንዶች ነው። መኖሩን አስቀድመን ካወቅን ግን የተቀመጡት ሰዎች ተራ ወሬ እንኳ ያስጨንቀናል።