ካቻቢቴ የሚከፍተው ዕቃ ይመለስልን

«ይህን ፍሪጅ አልሸጥም» የምትል የደሴ እናት ግትር ተብላ ልትታለፍ አይገባም። የፍሪጁ በር ሲዘጋ ቤቱን ያናውጣል፤ ቀለሙ ከጥጉ ተላጥጧል፤ ሞተሩ ሲነሳ ላዩ ላይ የተደረደሩት ብርጭቆዎች ይንጫጫሉ። ልጆቿ ከአዲስ አበባ ወይም ከጅዳ ገንዘብ ልከው ባለ ሁለት በሩን አዲስ ገዝተውላት ይሆናል። አዲሱ ሳሎን ውስጥ ጨርቅ ለብሶ ቆሟል፤ ሥራውን የሚሠራው ግን ጓዳ ያለው አሮጌው ነው። ይህች እናት ስለ ዕቃ የምታውቀው ቁም ነገር አላት። እኔም በዚህ ጽሑፍ የምቆመው ከእርሷ ጎን ነው።

አሮጌው ሲበላሽ የሰፈሩ ጠጋኝ ይጠራል። በካቻቢቴ ጀርባውን ከፍቶ፣ የተቃጠለውን ሽቦ ወይም ያረጀውን ጎማ አይቶ፣ ለውጦ፣ ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል። አዲሱ ሲበላሽ ያው ጠጋኝ ጥቂት ይነካካውና እጁን ያራግፋል። «እትዬ፣ የኤሌክትሮኒክስ ቦርዱ ተቃጥሏል። እንዲህ ያለው ቦርድ ደሴ አይገኝም፤ አዲስ አበባ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም» ይላታል። «ታዲያ ምን ይሻላል ልጄ?» ስትለው መልስ የለውም። አንገቱን ደፍቶ የሚወጣው እርሱ ነው። ማፈር የነበረበት ግን ዕቃውን እንዳይከፈት አድርጎ የሠራውና ያለ መለዋወጫ አምጥቶ የሸጠው ነው።

ደሴና ኮምቦልቻ ለአሮጌ ዕቃ ናፍቆት ባዕድ አይደሉም። ከአሰብ የሚመጣው መንገድ በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ይገባል፤ ከዚያ አንዱ ወደ ከሚሴና ወደ አዲስ አበባ ሲታጠፍ ሌላው ሐረጎን እየተጠማዘዘ ደሴ ይወጣል። ወደቡ የኢትዮጵያን ጭነት ማስተናገድ እስካቆመበት እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ ከባሕር የመጣው ብዙ ነገር በደጃችን ያልፍ ነበር፤ አንዳንዱም እዚሁ ይቀር ነበር። ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ በብሎን የሚታሰረው የብረት ሥጋ መፍጫ፣ ሆዱ በአበባ ያጌጠው የቻይና ፔርሙዝ፣ በፓምፕ እየተነፋ የሚነድደው የላምባ ምድጃ ዛሬም በየጓዳው አሉ።

ስለ ምድጃው ትንሽ ልበል፤ ይገባዋል። ፕሪሙስ የተባለውን ምድጃ ስዊድናዊው ፍራንስ ቪልሄልም ሊንድክቪስት የሠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1892 አካባቢ ነው። ክር የለውም። ላምባው በእጅ ፓምፕ ግፊት ወደ ጋለው ቱቦ ይወጣል፣ እዚያ ይተንናል፣ በጠባብ ቀዳዳ ሲወረወር ሰማያዊ ነበልባል ይሆናል። ቀዳዳው በጥቀርሻ ሲዘጋ በቀጭን መርፌ ይወጋል፤ የፓምፑ ቆዳ ሲደርቅ ዘይት ይቀባል። ጥገናው ከሞላ ጎደል ይኸው ነው፤ የቤቱ ትልቅ ልጅም ያውቀው ነበር። ቤተሰቡ የሚጠቀምበትን ዕቃ አሠራር ቤተሰቡ ራሱ ያውቅ ነበር ማለት ነው። የሚናፍቀኝም ይህ ነው፤ ቀለሙና ቅርጹ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

ወደ ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ስመጣ «ደሴ ላይ እርሱን ማን ያውቀዋል?» የሚል አይጠፋም። ብዙ የወሎ ሴቶች አብጠርጥረው ያውቁታል። በጅዳ፣ በሪያድ፣ በቤይሩትና በዱባይ ኩሽናዎች ሳህን ሲደረድሩበት፣ ማጣሪያውን ሲያጸዱ፣ ጨው ሲጨምሩበት ኖረዋል። የራሳቸው ሆኖ አያውቅም እንጂ አሠራሩን ከባለቤቶቹ የተሻለ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

አክስቴ ጅዳ መጀመሪያ የገባችበት ቤት የነበረው ማሽን አሮጌ ነበር። በእጅ የሚዞር ቁልፍ ነበረው። ታዞረዋለች፤ ቀጭ ቀጭ እያለ ውሃ ያስገባል፣ ያሞቃል፣ ይረጫል፣ ይደፋል። ቢቆም የት ላይ እንደቆመ ቁልፉን አይታ ታውቅ ነበር። በኋላ የተዛወረችበት ቤት የነበረው አዲስ ማሽን ግን ሲታወክ ቁጥር አብርቶ ዝም ይላል። የቁጥሩን ትርጉም የሚያውቀው የኩባንያው ባለሙያ ብቻ ነው፤ እርሱ እስኪመጣ የዚያን ሁሉ ቤተሰብ ሳህን በእጇ የምታጥበው እርሷ ናት። «ማሽን ሲሞት ሥራው ወደ እኔ ይመለሳል» ትላለች አክስቴ።

ስለ አሮጌ የኩሽና ዕቃ ከሰማሁት ሁሉ ይህ አነጋገሯ ይበልጥብኛል። የማይጠገን ዕቃ ጉዳይ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ማሽኑ የተሸከመውን ድካም መልሶ የሚሸከም አካል አለ፤ እርሱም በአብዛኛው የሴት ጀርባና የሴት እጅ ነው። ቅሬ (እድር) ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን ያውቃል። ሐዘኑ ወይም ድግሱ ካለቀ በኋላ ሴቶቹ በሳፋ ዙሪያ ተቀምጠው፣ አንዷ ስታሽ፣ ሁለተኛዋ ስታለቀልቅ፣ ሦስተኛዋ ስትደረድር፣ የጦሳን ተራራ ብርድ እየጠጡ ያመሻሉ። አይጠየፍ አዳራሽን ባየሁ ቁጥር የማስበው የንጉሥ ሚካኤልን ግብር የበሉትን እንግዶች ብቻ አይደለም፤ ከግብሩ በኋላ ዕቃውን ያጠቡትንም ጭምር ነው። የእነርሱን ስም ማንም አልጻፈም። ስለዚህ ናፍቆቴ ለሳፋው አይደለም፤ ለሳፋውስ ማንም አይናፍቀው።

ዕቃ ማጠቢያ ማሽንን ለገበያ ያበቃችው ጆሴፊን ኮክሬን የምትባል የኢሊኖይ ሴት ናት። የፈጠራ መብቷን ያገኘችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ታኅሣሥ 28 ቀን 1886 ነው። ባሏ ሞቶ ዕዳ ትቶባት ነበር። ሳህኖቹን እንደየመጠናቸው በሽቦ ክፍሎች ደረደረች፤ ሽቦውን በመዳብ ጋን ውስጥ በተጋደመ መንኮራኩር ላይ አሰረች፤ ትኩስ የሳሙና ውሃ ከሥር እንዲረጭባቸው አደረገች። በ1893 በቺካጎው ዓለም አቀፍ ትርኢት ላይ ታየ፤ የገዙት ግን በአብዛኛው ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ነበሩ። አንዱ ምክንያት ብዙ ቤት ማሽኑ የሚጠይቀውን ያህል ትኩስ ውሃ አለመኖሩ ነው። የእርሷ ኩባንያ ኋላ ላይ ሆባርት ወደሚባለው ኩባንያ ተጠቃሎ ኪችንኤድ በሚል ስም የሚሸጡት ማሽኖች የዘር ሐረግ ሆኗል። ውሃ በፈረቃ ለሚደርሰን የደሴ ሰዎች የቺካጎ ቤቶች ችግር ሩቅ አይደለም። ማሽን የሚሠራው ከሚኖርበት ቤት ጋር ሲስማማ ነው።

አሜሪካ ውስጥ የ1950ዎቹንና የ1960ዎቹን ዕቃ ማጠቢያዎች እየፈለጉ፣ ዝገታቸውን እየፋቁ፣ ዛሬም ሳህን የሚያጥቡባቸው ሰዎች አሉ። ዕብደት የሚመስለው ሊኖር ይችላል፤ ለእኔ ግን አስተዋዮች ናቸው። የእነዚያ ማሽኖች አንጎል ትንሽ ሞተር የሚያዞረው ጥርስ ያለው መንኮራኩር ነው። ጥርሱ አንዱን መገናኛ ሲገፋ ውሃ ይገባል፤ ሌላውን ሲገፋ ማሞቂያው ይበራል። ከዚያ ውጪ ሞተር፣ ፓምፕ፣ ማሞቂያና ጎማ ነው። የትኛው እንደታመመ በዓይንና በጆሮ ይለያል። መብራት ሲዋዥቅ እንዲህ ያለው አሠራር ብዙ ይችላል። በዘመናዊው ውስጥ ያለችው ስስ ቦርድ ግን ኃይሉ ድንገት ሄዶ ድንገት ከፍ ብሎ ሲመለስ ትቃጠላለች። ደሴ ላይ ማታ መብራት ሲጠፋ ስንት ሰው ተሯሩጦ ስፒና እንደሚነቅል አስቡ።

እውነቱን ላለመሸሽ፣ አሮጌው ሁሉ መልካም አልነበረም። ብዙዎቹ የቀድሞ ዕቃ ማጠቢያዎች በአንድ ዙር ወደ 40 ሊትር የሚጠጋ ወይም ከዚያ የሚበልጥ ውሃ ይጠጡ ነበር፤ ጥሩ የሚባለው የዛሬ ማሽን ከ12 ሊትር ብዙም አያልፍም። በጄሪካን ውሃ ለሚቀዳ ቤት ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። የጥንቶቹ ፍሪጆች በር ከውስጥ የማይከፈት መቀርቀሪያ ስለነበረው ልጆች ታፍነው ይሞቱ ነበር፤ አሜሪካ ይህን በሕግ የከለከለችው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1956 ነው። ማቀዝቀዣ ጋዛቸውም የኦዞንን ንጣፍ ስለሚጎዳ የ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት ከአገልግሎት እንዲወጣ አድርጎታል። ደግሞም ቶሎ የተሰበሩትን ቁራሌው ስለወሰዳቸው ዛሬ የምናያቸው ጠንካሮቹን ብቻ ነው። እኔ ግን የምጠይቀው አሮጌውን ዕቃ ራሱን አይደለም። አዲሱ ውሃ ይቆጥብ፣ ልጅ አይፈን፣ ሰማይ አይጉዳ፤ ነገር ግን ይከፈት። ውሃ መቆጠብና መጠገን የሚጣሉበት የተፈጥሮ ሕግ የለም። ያጣላቸው የአምራቹ ምርጫ ነው።

ማስረጃ ከተፈለገ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ የኤሌክትሪክ ምጣዳችን አለ። ሸክላው ከሥሩ ጠመዝማዛ ቦይ ይወጣለታል፣ በቦዩ ውስጥ ረዚስታንስ የሚባለው የሚግል ሽቦ ይዘረጋል፣ በጀሶ ይደፈናል፣ በቆርቆሮ ታቅፎ እግርና ስፒና ይገጠምለታል። ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ኃይል ይስባል። ይበላሻል፤ ደጋግሞ ይበላሻል። ሽቦው ይበጠሳል፣ ስፒናው ይቀልጣል፣ ሸክላው ይሰነጠቃል። ሆኖም «ምጣዴ ሞተ» ብሎ የሚጥለው ሰው አላውቅም። ሽቦው ለብቻው ይሸጣል፣ ሸክላው ለብቻው ይሸጣል፣ ክዳኑ ለብቻው ይሸጣል። አንዱ ክፍል ሲሞት ሌላው አብሮት አይቀበርም። ሸክላውን የምትሠራ ሴት፣ ቆርቆሮውን የሚቆርጥ ልጅ፣ ሽቦውን የሚዘረጋ ጠጋኝ ሁሉ ከዚህ አንድ ዕቃ እንጀራ ይበላሉ። ኃይል አባካኝ ነው፣ ሽቦው በወጉ ካልተሸፈነም አደገኛ ነው፤ ይህን አልክድም፤ መሻሻልም አለበት። ግን ሲሻሻል ይህን ጠባዩን ቢያጣ እንደ ትልቅ ኪሳራ እቆጥረዋለሁ። በኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማሩ ወጣቶች ሙቀቱ እንዳይባክን የሚያደርግ፣ ጣትን የማይነዝር፣ ያም ሆኖ እንደ ቀድሞው በየክፍሉ የሚፈታ ምጣድ ለመመረቂያ ሥራቸው ቢነድፉ ከብዙ የወረቀት ጥናት የሚበልጥ ውለታ ይሆናል።

በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር ማብቂያ ባሉት ሳምንታት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ነበር። ፋብሪካ ተዘረፈ፣ የጤና ተቋም ዕቃ ተጫነ፣ የግለሰብ ቤት ሳይቀር ተበረበረ። ከሰው ሕይወት ጋር አይወዳደርም፤ ይሁንና አንዲት እናት ዕድሜዋን ሙሉ የሰበሰበችውን ጓዳ ባዶ ሆኖ ማየቷን ትንሽ ነገር የሚለው ያልደረሰበት ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ቤት እንደገና ከባዶ ገዛ፤ የገዛውም አቅሙ የፈቀደውን፣ በአብዛኛው ርካሹን ነው። በዚያ ወቅት ከሁለት የተሰባበሩ ፍሪጆች አንድ የሚሠራ ያወጡልን የሰፈር ጠጋኞች ናቸው። ሊያወጡ የቻሉት ግን ሊፈታ ከሚችለው ነበር፤ ተጣብቆ የተዘጋውን ግን ትተውታል።

ሌላው ዓለም በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። የአውሮፓ ኅብረት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከመጋቢት 2021 ጀምሮ ፍሪጅ የሚሸጥ አምራች መለዋወጫውን ቢያንስ ለ7 ዓመት፣ የልብስ ማጠቢያ የሚሸጥ ቢያንስ ለ10 ዓመት፣ የዕቃ ማጠቢያ የሚሸጥ ደግሞ እንደ ክፍሉ ዓይነት ቢያንስ ለ7 ወይም ለ10 ዓመት እንዲያቀርብ አስገድዷል፤ መለዋወጫውም በተለመደ መሣሪያ ያለ ጉዳት መለወጥ የሚችል መሆን አለበት። በ2024 ደግሞ የመጠገን መብትን የሚመለከት መመሪያ አጽድቋል። ፈረንሳይ ከ2021 ጀምሮ አንዳንድ ዕቃዎች ለመጠገን ያላቸው ምቹነት ከ10 ተመዝኖ ነጥቡ ከዋጋው አጠገብ እንዲለጠፍ አድርጋለች። እነዚህ ዕቃ ሲሰበር በማግሥቱ አዲስ መግዛት የሚችሉ ሀብታም አገሮች ናቸው። መጠገን የእኛ የዕለት ኑሮ ሆኖ ሳለ ሕጉ የእነርሱ መሆኑ ያንገበግበኛል።

እኛም መነሻ አለን። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የተሸጠለት ሸማች እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። መልካም ነው፤ ግን ችግራችን ገና ከካርቶኑ ሲወጣ የተበላሸው ብቻ አይደለም፤ በሦስተኛው ዓመት አንዲት ቁራጭ ጠፍታበት የሚጣለውም ነው። ስለዚህ የሚመለከተው ሚኒስቴር ፍሪጅ፣ ልብስ ማጠቢያና ዕቃ ማጠቢያ ለሚያስገባ ነጋዴ ሁለት ግዴታ ያኑርበት። አንደኛው ለሚሸጠው ሞዴል ቶሎ የሚያረጁትን መለዋወጫዎች፣ ቦርዱን ጨምሮ፣ አብሮ ማስገባት ነው። ሁለተኛው የጥገና መመሪያውንና የብልሽት ቁጥሮቹን ትርጉም በአማርኛ ለማንኛውም ጠጋኝ በነጻ መስጠት ነው፤ የኩባንያው ሰው ብቻ የሚያነበው ቁጥር በቤታችን ቦታ ሊኖረው አይገባም።

የደሴና የኮምቦልቻ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም ልምዱን ይዞ ወረቀት የሌለውን የሰፈር ጠጋኝ ጠርተው የቦርድ ጥገና ያስተምሩት፤ እርሱም በተራው አሮጌውን ማሽን በጆሮው እንዴት እንደሚመረምር ለተማሪዎቹ ያሳያቸው። አስመጪው እስኪገደድ ድረስ ደግሞ ገዢው ከሱቁ ከመውጣቱ በፊት ሻጩን ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ ይህ ሲበላሽ ደሴ ላይ ማን ይከፍተዋል? መለዋወጫውስ የት ይገኛል? መልስ የሌለው ሻጭ ዕቃውን እዚያው ያቆየው።