«ጠንካራው ይታዘዝልኝ» ከማለት በፊት

ታማሚ ያስታመመ ሰው ይህን ሩጫ ያውቀዋል። ሐኪሙ ማዘዣ ይጽፋል። የሆስፒታሉ ፋርማሲ «አልቋል» ይላል። አስታማሚው ወረቀቱን ይዞ ከተማውን ያካልላል። ወረቀቱ ላይ ከሚጻፉት መድኃኒቶች አንዱ ፒፐራሲሊን-ታዞባክታም ነው። ሁለት መድኃኒት በአንድ ጠርሙስ የያዘ፣ በደም ስር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ። ዋጋው ኪስ ያራቁታል። ዘመድ አዝማድ ያዋጣል፤ ውጭ ያለ ልጅ ካለም ይደወልለታል። ተገዝቶ ሲመጣ «በቃ፣ ጠንካራው ተገኘ» ተብሎ እፎይ ይባላል።

እኔ መድኃኒት ከሚያድሉት ወገን ነኝና ሩጫውን ከመስኮቱ ወዲህ ሆኜ አየዋለሁ። ከመድኃኒቱ ጋር ጠብ የለኝም። ሕይወት ያተርፋል። ቅር የሚለኝ፣ ይህ ሁሉ ገንዘብና ጉልበት ሲፈስ «ለመሆኑ የትኛው ባክቴሪያ ነው?» የሚል ሰው መጥፋቱ ነው። መርፌው የላብራቶሪውን ሥራ ተረክቦ ቁጭ ብሏል።

ስለ መድኃኒቱ ትንሽ ልበል። አብርሃምና ቼይን የተባሉ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1940 ፔኒሲሊንን የሚያፈርስ ኢንዛይም ባክቴሪያ ውስጥ አገኙ። ፔኒሲሊን ገና ገበያ ላይ ሳይውል ማለት ነው! ዛሬ የዚያ ኢንዛይም ዘመዶች፣ ቤታ-ላክታሜዝ የሚባሉት፣ በየሆስፒታሉ ሞልተዋል። ታዞባክታም የተጨመረው ለእነሱ ሲባል ነው። በተለመደው የአዋቂ ጠርሙስ ውስጥ 4 ግራም ፒፐራሲሊን ከ0.5 ግራም ታዞባክታም ጋር አለ። ታዞባክታም ብቻውን ባክቴሪያ የመግደል አቅሙ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ዘበኛውን ኢንዛይም በወሬ ይይዘዋል፤ ፒፐራሲሊን በጎን ይገባል።

ሁሉም ዘበኛ ግን በወሬ አይያዝም። እ.ኤ.አ. በ2018 ሜሪኖ የተባለ የብዙ አገሮች ጥናት ውጤት ወጣ። ሴፍትሪያክሶን የሚባለውን በብዛት የሚታዘዝ አንቲባዮቲክ የሚቋቋም ባክቴሪያ ደማቸው ውስጥ የገባ ሕሙማን ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ፒፐራሲሊን-ታዞባክታም፣ ግማሾቹ ሜሮፔነም የሚባል ሌላ አንቲባዮቲክ ተሰጣቸው። በ30 ቀን ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ 12.3 በመቶ፣ ከሁለተኞቹ 3.7 በመቶ ሞቱ። ላብራቶሪው ግን ባክቴሪያዎቹ በሁለቱም መድኃኒቶች እንደሚሞቱ ተናግሮ ነበር። ኋላ ናሙናዎቹ በተሻለ ዘዴ ሲመረመሩ አንዳንዶቹ ባክቴሪያዎች ቀድሞውንም ፒፐራሲሊን-ታዞባክታምን የሚቋቋሙ ሆነው ተገኙ። እነሱ ሲወጡ ልዩነቱ ጠበበ። እንግዲህ ላብራቶሪ ያለው ሆስፒታል እንኳን ሲሳሳት ሰው ይሞታል። ምንም ሳይመረምር የሚወጋውስ?

«ጠንካራ» የሚባል አንቲባዮቲክ በደፈናው የለም። ለዚህ ባክቴሪያ የሚሠራ አለ፤ የማይሠራ አለ። ይህ መርፌ መድኃኒት የለመደውን ስታፊሎኮከስ ባክቴሪያ፣ ኤምአርኤስኤ የሚባለውን፣ አይነካውም። ቫይረስንም፣ ወባንም፣ ቲቢንም እንዲሁ።

ስለዚህ የመጀመሪያው የደኅንነት እርምጃ ከመርፌው በፊት የሚወሰድ ደም ነው። ወይም ሽንት፣ ወይም መግል፤ እንደ በሽታው። ለካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን ላብራቶሪ ውስጥ አብቅሎ ለመለየት፣ የሚሆነው ናሙና ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ ከተወሰደ ባክቴሪያው ላይበቅል ይችላል። ደም መውሰድ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ውጤቱን ግን ቁጭ ብሎ መጠበቅ አይገባም። ሰውየው ደም ግፊቱ ወርዶ፣ ራሱን እየሳተ ከሆነ መድኃኒቱ በ1 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ደሙ ይወሰድ፣ መርፌው ይሰጥ፣ ውጤቱ ሲመጣ ይስተካከል።

«ካልቸር የት አለና?» የሚለኝ ባልደረባ አይጠፋም። እውነቱን ነው። ካልቸር የማይሠሩ ሆስፒታሎች ብዙ ናቸው። ባለበትም የመመርመሪያ ግብዓቱ ያልቃል። ግን አስታማሚው ለቀናት የሚሆን መርፌ በግል ፋርማሲ እንዲገዛ የምናደርግ ሰዎች፣ ናሙናውን ወደሚሠራ ላብራቶሪ ማድረስ ለምን ከአቅማችን በላይ ይሆናል? ቤተሰቡ ምን እንደሚያተርፍለት ቢነገረው ይከፍላል። አልነገርነውም።

ነገሩ ከሆስፒታል በታችም ያው ነው። ትኩሳትና ራስ ምታት ይዞ ክሊኒክ የገባ ሰው ዊዳል በሚባል የደም ምርመራ ብቻ «ታይፎይድ ነው» ይባልና ሴፍትሪያክሶን ይወጋል። ዊዳል ደግሞ ያለፈ ኢንፌክሽንን ወይም የሌላ ጀርምን ፈለግ አይቶ «አለ» ሊል የሚችል ምርመራ ነው። ያ ሰው ከወራት በኋላ በእውነት ሲታመም ሴፍትሪያክሶን አልሠራ ሊል ይችላል። ከዚያ ወደ ጥምሩ መርፌ ይኬዳል። መሰላሉን የምንወጣው ራሳችን ነን።

የዓለም ጤና ድርጅት ፒፐራሲሊን-ታዞባክታምን በጥንቃቄ ሊታዩ ይገባል ካላቸው አንቲባዮቲኮች ምድብ ውስጥ አስቀምጦታል። ሴፍትሪያክሶንም እዚያው ነው። አሞክሲሲሊን-ክላቩላኔት ግን፣ እሱም ጥምር ሆኖ፣ ቀድመው ከሚታዘዙት ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ባወጣው መግለጫ፣ በዓለም ላይ ለሰው ሕክምና ከሚውለው አንቲባዮቲክ ቢያንስ 70 በመቶው በ2030 ከዚህ ቀዳሚ ምድብ እንዲሆን አገሮች ተስማምተዋል።

ወደ አልጋው ጠርዝ ልመለስ። እዚያ አስታማሚው ራሱ የሚሠራው ሥራ አለ።

አንደኛ፣ አለርጂ። ይህ መድኃኒት የፔኒሲሊን ቤተሰብ ነው። «ፔኒሲሊን አይስማማኝም» የሚል ሰው ካለ ለነርሷም ለሐኪሙም ይነገር። ምን እንደሆነም ጭምር፦ ሽፍታ ነው? ፊት አበጠ? ትንፋሽ አጠረ? ሆድ መረበሽ አንድ ነገር ነው፣ ትንፋሽ ማጠር ሌላ። መርፌው የሚሰጥበት ክፍል ለከባድ አለርጂ የሚሰጠው አድሬናሊን ከእጅ የማይርቅበት መሆን አለበት። ቤት ድረስ ጎረቤት ነርስ አስመጥቶ ማስወጋት ለዚህ መርፌ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ ሰዓት። ብዙውን ጊዜ በየ6 ወይም በየ8 ሰዓቱ፣ በ30 ደቂቃ ገደማ ቀስ ብሎ ይሰጣል። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን የሚገድለው ደም ውስጥ በበቂ መጠን በቆየበት ጊዜ ልክ ነው። የሌሊቱ መርፌ ሲዘለል፣ ወይም የተገዛው አልቆ እስኪነጋ ሲጠበቅ፣ ባክቴሪያው ፋታ ያገኛል። የመጨረሻው ጠርሙስ እስኪቀር አትጠብቁ። «ሲስተር፣ ለዛሬ ሌሊት ይበቃል?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ሦስተኛ፣ ኩላሊት። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው መጠኑ ይቀነስለታል። ቫንኮማይሲን ከሚባለው አንቲባዮቲክ ጋር አብሮ ሲሰጥ የኩላሊት ምርመራ ቶሎ ቶሎ መታየት አለበት። ጄንታማይሲን ከሚባለው አንቲባዮቲክ ጋር ደግሞ በአንድ ሲሪንጅ አይቀላቀልም፤ የጄንታማይሲኑን ጉልበት ያጠፋዋል። ይህኛው የባለሙያው ሥራ ነው። ግን በሥራ ብዛት የሚረሳ ሥራ ነው፤ ኩላሊቱን የሚያመው ዘመድ ያለው ሰው ደጋግሞ ቢያስታውስ አይከፋም።

የተረፈ ጠርሙስ ካለ ቤት አይወሰድ። የአባትዬው ትርፍ ለአጎት አይሆንም።

ከሁሉም በላይ የሚረሳው ሦስተኛው ቀን ነው። ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ሐኪሙ ቆም ብሎ ማየት አለበት። ካልቸሩ ምን አለ? ትኩሳቱ ወረደ? ጠበብ ወዳለ፣ ጥቂት ባክቴሪያዎችን ብቻ ወደሚመታ መድኃኒት ይቀየር? ወደ እንክብል ይዛወር? ወይስ ኢንፌክሽኑ ከነጭራሹ አልነበረም? እኛ ዘንድ «ተሽሎታል፣ ይቀጥል» ይባላል። ካልተሻለውም «ይቀጥል» ይባላል። ቤተሰቡም መርፌው ሲነቀል «ተስፋ ቆረጡበት» ብሎ ይደነግጣል። እንክብል የዋጠ ሁሉ ችላ የተባለ ይመስለናል።

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ለእነዚህ መርፌዎች የሚጻፈው ማዘዣ ላይ ሁለት መስመር ይጨመር፦ ናሙና የተወሰደበት ቀንና ሕክምናው የሚገመገምበት ቀን። መስመሩ ባዶ ሆኖ ከመጣ የመጀመሪያውን መርፌ አንከልክል፤ ሰው ሊሞት ይችላል። ግን ፋርማሲስቱ ያንኑ ዕለት ለሐኪሙ ይደውል። የሦስተኛው ቀን ግምገማ ሳይጻፍ ለአራተኛ ቀን «ይቀጥል» የሚል ማዘዣ ሲመጣ ደግሞ፣ አስታማሚውን ገንዘብ ፍለጋ ከመስደዳችን በፊት ወረቀቱን ወደ ዋርድ እንመልሰው።