ከሌንሱ በፊት ብርሃኑ

“ግንደ ቆርቁር የተባለውን ወፍ በደንብ ፎቶ ለማንሳት መጀመሪያ ረጅም ሌንስ ግዙ” ባልከው አልስማማም ወንድሜ። እኔ 600 ሚሊ ሜትር ሌንስ ተውሼ መናገሻ ሱባ ጫካ ሄጄ ነበር። ከቀኑ 6 ሰዓት፣ ጽድ ሥር ቆሜ፣ ሽቅብ አንጋጥጬ። ምን ይዤ ተመለስኩ? ነጭ ሰማይ ላይ የተለጠፈ ጥቁር ነገር፣ እሱም ሆዱ ብቻ!

ሌላ ቀን የራሴን 300 ይዤ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። ፀሐይዋን ከጀርባዬ አድርጌ ተዳፋቱን ትንሽ ወጣ ስል ከወፉ ጋር ዓይን ለዓይን ሆንን። የሐበሻው ግንደ ቆርቁር ወንዱ ማጅራቱ ቀይ፣ ጀርባው ወርቅማ አረንጓዴ ነው። እኩለ ቀን ላይ ያ ቀለም የለም ማለት ይቻላል። ያን ጠዋት ግን ከምንቃሩ ሥር የሚበተነው የቅርፊት ብናኝ ሳይቀር ታየኝ።

ሰማዩ ከኋላው ከመጣና መንቀሳቀስ ካልቻልክ ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚቀበለውን ብርሃን) አንድ ስቶፕ፣ ማለትም በእጥፍ፣ ከፍ አድርገው። ሲቀጠቅጥ ጭንቅላቱ በ1/1000 ሰከንድ የመዝጊያ ፍጥነት እንኳ ሊደበዝዝ ይችላል፤ በምቱ መሃል ቆም ሲል ጠብቀህ ተጫን። በፎቶው ውስጥ ግንዱን ወደ አንድ ጎን አድርገህ ወፉ ለሚያይበት አቅጣጫ ቦታ ተውለት፣ መሃል ላይ አትቸንክረው።

ያሳየኸን የግንደ ቆርቁር ጎጆ ፎቶ ያምራል፣ አልዋሽም። ግን ያን ያህል መቅረብህን አልወደድኩትም፤ እናትና አባት ሰው ካዩ ምግብ በአፋቸው ይዘው ቅርንጫፍ ላይ ይቀራሉ፣ ጫጩቶቹም ይራባሉ።