ችግኙ ተቆጠረ፤ ማደሪያውስ?

እኛ ዘንድ ስለ አፕል ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው የችግኝ ቁጥር ነው፤ ስንት ተተከለ፣ ስንት ጸደቀ። የተለቀመው ፍሬ የት እንደሚያድር የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ከመቶ ዓመት በፊት በኒው ዮርክና በኒው ኢንግላንድ በትንሽ የቤተሰብ እርሻ አፕል ያለሙ የነበሩት ግን ትልቁ ጭንቀታቸው ከለቀማው በኋላ፣ በበረዶው ወራት ነበር።

በጥቅምት ሁሉም ስለሚለቅም ዋጋ ይወድቃል። ስለዚህ ባልድዊንና ሮክስበሪ ራሰትን የመሰሉ ቶሎ የማይበላሹ ዝርያዎች እያንዳንዱ 60 ኪሎ ገደማ በሚይዝ በርሜል ምድር ቤት ይገባሉ። የምድር ቤቱ ወለል አፈር ነው። አየሩ ከደረቀ ፍሬው ይጨማደዳል፤ ቆዳው ሻካራ የሆነው ራሰት ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ። በመከር ወራት መስኮቱ ሌሊት ይከፈታል፣ ሲነጋ ይዘጋል፤ ብርዱ ተጠራቅሞ ሙቀቱ ከ0 ዲግሪ ብዙም እንዳይርቅ። ውርጩ ሲከፋ መሐል ላይ ገንዳ ሙሉ ውኃ ይቀመጣል። ውኃ በ0 ዲግሪ ይረጋል፤ አፕል ግን ስኳር ስላለበት ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ገደማ ድረስ ይቋቋማል። ውኃው ሲረጋም ሙቀት ይለቃል። የገንዳው ፊት ስስ በረዶ ከለበሰ ፋኖስ ማስገቢያው ሰዓት ደርሷል ማለት ነው።

ውጭ ደግሞ ጠላቱ የሜዳ አይጥ ነው። በበረዶው ሥር መንገድ እየሠራ የግንዱን ልጥ ዙሪያውን ይግጣል፤ ጉዳቱ የሚታየው በረዶው ሲቀልጥ ነው። በረዶ በጣለ ቁጥር የግንዱን ዙሪያ በእግር መደቅደቅ የልጆች ሥራ ነበር፤ የጠጠረ በረዶ አይጥ አያሳልፍም። ልጡ ዙሪያውን ካለቀ ሥሩ ምግብ አጥቶ ይሞታል። መፍትሔው ክተባ፣ ማለትም ቁስሉን በቀንበጥ ድልድይ ማሻገር ነው፦ ዛፉ እንቅልፍ ላይ ሳለ በጥር የተቆረጠና በእርጥብ ሰጋቱራ የቆየ እርሳስ የሚያህል ቀንበጥ ጫፍና ጫፉ ይሾልና፣ በጸደይ ከቁስሉ በላይና በታች ካለው ደህና ልጥ ሥር ይሸጎጣል። በየ5 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ይበቃል። ቀንበጡ ከቁስሉ ትንሽ ይርዘም፣ ነፋስ ግንዱን ሲወዘውዘው እንዳይነቀል፤ የላዩም ወደ ታች እንዳይዞር። የክተባው መሸፈኛ 4 እጅ የጥድ ሙጫ፣ 2 እጅ ሰም፣ 1 እጅ ሞራ ቀልጦ ነው።

የቅርንጫፍ ግርዘቱ የሚጀመረው ጽኑው ብርድ ሲያልፍ፣ በየካቲትና በመጋቢት ነበር።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የማያድንበት ዓመትም አለ። እ.ኤ.አ. በ1933–34 የነበረው ብርድ ባልድዊንን በገፍ ገደለ፤ ብርድ የሚችለው ማኪንቶሽ ቦታውን ወሰደ።

ወደ ጨንቻ አፕል የገባው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በሚስዮናውያን በኩል ነው። ቅጠል የሚያራግፍ ብርድ ስለሌለ ገበሬው ዛፉ እንደገና እንዲያብብ ቅጠሉን በእጁ ይሸመጥጣል፤ ይህን ተምሯል። ማቆየቱ ግን ወደ ኋላ ቀርቷል። እስራኤል ውስጥ የተዳቀለውና ብዙ ብርድ የማይፈልገው አና የተባለው ዝርያ ቀድሞ ደራሽ ስለሆነ እንደ ባልድዊን ወራት አይቆይም። ቢሆንም ገበሬው ጥቂት ሳምንት ቢያገኝ ነጋዴው በተመነለት ዋጋ ወዲያው ለመሸጥ አይገደድም። የደጋው ሌሊት ብርዱን በነጻ ይሰጣል፤ የሚያስፈልገው ግማሹ ምድር ውስጥ የገባ፣ ሌሊት የሚከፈትና ቀን የሚዘጋ መስኮት ያለው ቤት ነው። ለችግኝ ከሚመደበው ገንዘብ ጥቂቱ ለዚህ ቢውል ይሻላል።