ከክብደቱ በፊት መስፈርቱን እዩ

ስለ ኮርስ አመራረጥ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን «የምትችሉትን ያህል ከባድ ኮርስ ውሰዱ» ይላል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ነገር ይቀድመዋል። ልትገቡበት ያሰባችሁት የትምህርት ክፍል የግድ የሚላቸው ትምህርቶች የትኞቹ ናቸው?

ልጄ የተማረችው ኢንተርናሽናል ባካሎሪየት ነው፤ ለዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጅ ዓለም አቀፍ የሁለተኛ ደረጃ ፕሮግራም። 6 ትምህርት ይመረጣል፤ ቢያንስ 3ቱ በከፍተኛ ደረጃ። ሒሳቡ ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ካልኩለስና የሒሳብ ማረጋገጫ (ፕሩፍ) ላይ ይጠነክራል፤ ሌላው ስታቲስቲክስና ተግባራዊ ስሌት ላይ ያተኩራል። እሷ ሁለተኛውን መረጠች፤ ያስጠነቀቃት ሰው አልነበረም። ማመልከቻ ስትሞላ ነው የምትመኘው የምህንድስና ክፍል የሚቀበለው የመጀመሪያውን ብቻ መሆኑን ያየነው። ያን ቀን ማልቀሷን አልረሳውም። ውጤቷ እኮ ጥሩ ነበር!

የትምህርት ቤቱን አማካሪ አልወቅስም፤ አንድ ሰው ለዚያ ሁሉ ተማሪ እንዴት ይድረስ? ግን «ምን ልውሰድ?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁት። መጀመሪያ የሁለት ሦስት ዩኒቨርሲቲዎችን የመግቢያ መስፈርት ከድረ ገጻቸው አንብቡ። ከዚያ ወረቀቱን ይዛችሁ «ይህን ሒሳብ ብተወው የትኛው በር ይዘጋብኛል?» በሉት። ወላጆችም አብራችሁ ተቀመጡ፤ ምርጫው ከመጽደቁ በፊት።