የሽመና ክፍሉም የንድፍ ታሪክ ነው

ስለ ባውሃውስ፣ ስለ ጀርመኑ የሥነ ጥበብና የንድፍ ትምህርት ቤት፣ ያነበብኩት ጽሑፍ ብዙ እንደተደከመበት ያስታውቃል፤ ጸሐፊውን ከልብ አመሰግናለሁ። ሆኖም ወንበሩን፣ መብራቱንና ሕንፃውን በዝርዝር ተርከው ሲያበቁ የሽመናውን ክፍል «ሴቶችም ጨርቅ ይሠሩ ነበር» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ማለፋቸው በጣም አሳዝኖኛል። ትምህርት ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1919 በቫይማር ሲከፈት ጾታ ሳይለይ ተማሪ እንደሚቀበል ቢያውጅም፣ አብዛኞቹ ሴቶች ወደ ሽመና የተመሩት በአስተዳደሩ ፍላጎት እንጂ በራሳቸው ምርጫ አልነበረም። ከተማሪዎቹ አንዷ የነበረችው አኒ አልበርስም ልቧ ያረፈው በመስታወት ሥራ ላይ ሳለ ነው ሽመና የገባችው።

እዚያም ሆና ምን እንደሠራች ማየት ያስፈልጋል። በጀርመኗ የበርናው ከተማ ለሚገኝ የሠራተኛ ማኅበራት ትምህርት ቤት አዳራሽ፣ ለመመረቂያ ሥራዋ ያዘጋጀችው የግድግዳ ጨርቅ ፊቱ ሴሎፎን (ስስና አንጸባራቂ፣ ፕላስቲክ መሰል ቁስ) ስለተሸመነበት ብርሃን ያንጸባርቃል፤ ጀርባው ደግሞ ድምፅን ውጦ ያስቀራል። አንድ ጨርቅ የአዳራሹን የብርሃንም የድምፅም ችግር አቃለለ ማለት ነው። ታዲያ ይህን ከሕንፃ ንድፍ ምን ይለየዋል? የሽመና ክፍሉን ከ1927 ጀምራ የመራችው ጉንታ ሽቶልዝል በጽሑፉ ስሟ እንኳ አልተነሣም።

ጸሐፊው ያደነቁት፣ ካንደም በሚል የንግድ ስም የተመረተው የጠረጴዛ መብራትም ቢሆን ማሪያኔ ብራንት ከሂን ብሬደንዲክ ጋር የነደፈችው ነው። ብራንት በብረታ ብረት ክፍሉ ውስጥ ብርቱ ሠራተኛ ብቻ ሳትሆን፣ በ1928 ክፍሉን በተጠባባቂነት የመራች ባለሙያ ናት። ጽሑፉ አሁንም ሊታረም ስለሚችል፣ ቢያንስ በመብራቱ ፎቶግራፍ ሥር ስሟ እንዲጻፍ በአክብሮት እጠይቃለሁ።