ማስተካከያ፦ ኬሞ የመጨረሻ አማራጭ ብቻ አይደለም

ሰሞኑን ስለ ካንሰር በወጣው ጽሁፍ ላይ "ኬሞቴራፒ ሌላው ሁሉ አልሆን ሲል የሚሰጥ እድሜ ማራዘሚያ ነው" የተባለው ትክክል ስላልሆነ ይስተካከል። ኬሞቴራፒ (ባጭሩ ኬሞ) የካንሰር ሴሎችን በመድሃኒት የመግደል ህክምና ነው። በሽታው ከተሰራጨ በኋላ ለማስታገስና እድሜ ለማራዘም ይሰጣል፣ ልክ ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ ከኦፕሬሽን በፊት እጢውን ለማሳነስ ወይ ከኦፕሬሽን በኋላ ሳይታዩ የቀሩ የካንሰር ሴሎችን ለመግደልም ይታዘዛል። ኬሞ ራሱ የሚያድናቸው ካንሰሮችም አሉ፤ የወንድ ዘር ፍሬ ካንሰር ሳንባ ድረስ ሄዶም ቢሆን ሲስፕላቲን የሚባለው መድሃኒት ባለበት ኬሞ ብዙዎቹ ታማሚዎች ይድናሉ፣ የልጆች የደም ካንሰር ዋና ህክምናውም ኬሞ ነው።

"ጸጉር ካልረገፈ መድሃኒቱ አልሰራም" የሚለውም ውሸት ነው፣ ይሄኛው እንደውም አደገኛ ነው ምክንያቱም ሰው መድሃኒቱን ሊያቋርጥ ይችላል። ጸጉር የሚረግፈው ኬሞ ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ሴሎችን ስለሚያጠቃ ነው፣ የጸጉር ስር፣ መቅኔና የአንጀት ሽፋንም እንደዛ ስለሆኑ አብረው ይጎዳሉ፣ ጭራሽ ጸጉር የማያረግፉ የኬሞ መድሃኒቶችም ሞልተዋል።

ጽሁፉ የዘለለውን አንድ ነገር ልጨምር፣ ኬሞ ላይ ያለ ሰው ኢንፌክሽን የሚከላከልለት ነጭ የደም ሴሉ ስለሚወርድ ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ነገ ይሻለኛል ሳይል ወዲያው ሆስፒታል ይሂድ።